መኪናዋ ስትቃና ድንኳኑ ዘመመ

(ደሴ፣ የሠርግ ቅዳሜ ረፋድ። በወይዘሮ አልጣሽ ግቢ አሮጌ የቤት መኪና በክሪክ ተነስታ ቆማለች፤ ከስሯ የወንድማቸው ልጅ የእንዳልክ ሁለት እግሮች ወጥተዋል፤ ወይዘሮዋ በነጠላ የተጠቀለለ ትልቅ ድስት ታቅፈው ከላይ ቆመዋል።)

አልጣሽ፦ እግርህን አይደለም፣ ጭንቅላትህን ነው ማየት የምፈልገው። ውጣ አልኩህ።

እንዳልክ፦ ጭንቅላቴ ሥራ ላይ ነው እትዬ።

አልጣሽ፦ እሱ ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም። ሙሽራዋ የክርስትና ልጄ፣ ዶሮ ወጡ የኔ፣ መኪናዋ የኔ። አንተ ሆዷን ዘርግፈህ ስሯ ተኝተሃል። ምን ሆነችብህ? ትናንት ከገበያ በሰላም ይዛኝ መጥታለች።

እንዳልክ፦ በሰላም? ኩርባው ላይ እኮ በመስኮት አስፋልቱን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

አልጣሽ፦ አንተ ስለምትበር ነዋ።

እንዳልክ፦ የለም፣ እሷ ስለምትጋደል ነው። ይስሙኝ። ግራና ቀኝ ጎማዋን የሚያያይዝ አንድ ብረት አላት፣ ስታቢላይዘር ይሉታል። የርሶ መኪና ላይ ያለው እንደ ጣቴ የቀጠነ ነው። ወፍራም ከገባላት ኩርባ ላይ ቀጥ ብላ ትዞራለች።

አልጣሽ፦ ማን አስተማረህ?

እንዳልክ፦ ስልኬ ላይ አየሁ። አንድ ፈረንጅ ግቢው ውስጥ ዘፈን ከፍቶ ፈታ ፈታ፣ ገጠም ገጠም አደረገው። ሲጨርስ እጁ እንኳን አልቆሸሸም።

አልጣሽ፦ ፈረንጁ ለሠርግ የሚያደርሰው ዶሮ ወጥ ነበረው?

እንዳልክ፦ ውሻ ነው ያለው።

አልጣሽ፦ አየህ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ያሉት እኮ አንተን አይተው ነው።

እንዳልክ፦ ያምናውን ረሱት እንዴ? የሙሽራዋን እህት ሠርግ?

አልጣሽ፦ እሱን አታንሳብኝ።

እንዳልክ፦ መኪናዋ ኩርባው ላይ ተጋደለች፣ ወጡ ወንበሩ ላይ፣ እንቁላሎቹ ወንበሩ ስር። እርሶ ባዶ ድስት ታቅፈው ሙሽሮቹ ፊት። የወንዱ ወገን እስካሁን «ባለ ባዶ ድስቷ» ነው የሚልዎት።

አልጣሽ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ የምለቅመውም አልተረፈኝ። ያ ወንበር ዛሬም ፀሐይ ሲመታው ቁሌት ቁሌት ይላል።

እንዳልክ፦ ይኸው፣ ለርሶ ክብር ነው መሬት የተጋደምኩት።

አልጣሽ፦ ለኔ ክብር ሽቶ ተቀብተህ?

እንዳልክ፦ የምን ሽቶ?

አልጣሽ፦ ከመኪናው ስር ሽቶ እየሸተተኝ ነው። ቤንዚን ነው እንዳትለኝ።

እንዳልክ፦ ሠርግ ቤት ነው እንግዲህ። ትንሽ ጠብ አደረግኩ።

አልጣሽ፦ ያቺ ትርሲት ከሚዜዎቹ አንዷ ናት መሰለኝ።

እንዳልክ፦ ነች እንዴ?

አልጣሽ፦ ሚዜዎቹን የምትጭነውም የኔ መኪና ናት መሰለኝ።

እንዳልክ፦ እንደዛ ነገር ሰምቻለሁ።

አልጣሽ፦ አደባባዩንም ክላክስ እያስጮኽክ ልትዞርባት።

እንዳልክ፦ ወግ ነው እትዬ። ወግ በኔ አይፈርስም። ደሞ የሰው ልጅ ተሸክሜ ስዞር በሩ ላይ ትለጠፍ? ነውር አይደለም?

አልጣሽ፦ ልጅቷ እንዳትደፋ፣ ወጤን ምክንያት አደረግከው።

እንዳልክ፦ ሁለታችሁም እንዳትደፉ ነው። ለማንም አላዳላሁም።

አልጣሽ፦ እሺ፣ ሠራህ እንበል። ሞከርካት?

እንዳልክ፦ ማልጄ ነዋ። ውሃ በባልዲ ሞልቼ ኋላ አስቀመጥኩና ኩርባውን ዞርኩት። ጠብ አላለም። አሁን የላላ ጎሚኒ፣ የብረቱን ማቀፊያ ላስቲክ፣ እያጠበቅኩ ነው፣ ሌላ የቀረኝ የለም። ግን አንድ ነገር አለ።

አልጣሽ፦ አውቄ ነበር።

እንዳልክ፦ ጉድጓድ ላይ ትንሽ ትዘላለች። ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ አንዱ ጎማ ሲነሳ ሌላውም አብሮ ይነሳል። ተዋደው ነው።

አልጣሽ፦ ከዚህ እስከ ሠርጉ ቤት ስንት ኩርባ አለ?

እንዳልክ፦ አንድ።

አልጣሽ፦ ጉድጓድስ?

እንዳልክ፦ እሱን የቆጠረ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ድስቱን ግን ይያዙት፣ ምንም አይሆንም። ደሞ ግዙፍ ነው፣ የማን ድስት ነው?

አልጣሽ፦ የናቴ ነው፣ ምን አገባህ። ነጠላውን እንዳትነካ። ይልቅ ብረቱን ከየት አመጣኸው?

እንዳልክ፦ ከሰው።

አልጣሽ፦ ከየትኛው ሰው?

እንዳልክ፦ ከብዙ ሰው። ስልክዎ እየጠራ ነው እትዬ።

አልጣሽ፦ ሰምቻለሁ። ቆይ ድስቱን እዚህ ብሎኬቶቹ ላይ ላሳርፈው። ሃሎ፣ ጋሽ ይመር? መጣሁ፣ ወጡ እጄ ላይ ነው። ምን? ድንኳኑ ዘመመ? በየት በኩል? የሙሽሮቹ ወንበር ላይ? ቋሚ ብረት ይጎድለዋል? በፍጹም። የእድሩ መጋዘን ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው የሚያድረው፣ ትናንት ቆሜ ነው ያስጫንኩት። እሺ፣ አጣርቼ እመጣለሁ። አንተ!

እንዳልክ፦ የእድሩ ዳኛ ምን አሉ?

አልጣሽ፦ ድንኳኑ አንድ ቋሚ ጎድሎት ወደ ሙሽሮቹ ተጋድሟል፣ ከኔ እጅ ነው የጠፋው እያለ ነው። እኔን! ከአልጣሽ እጅ የእድር ማንኪያ እንኳን ጠፍቶ አያውቅም።

እንዳልክ፦ ትልቁ ድስትስ?

አልጣሽ፦ እሱ ተቃጥሎ ተበሳ፣ ጣልኩት፣ ለጉባኤው ተናግሬያለሁ። ነገር አታዟዙር። ትናንት ድንኳኑን መኪና ላይ ሲጭን የነበረው ማን ነው?

እንዳልክ፦ ብዙ ነበርን።

አልጣሽ፦ እስቲ ዞር በል፣ ጎንበስ ብዬ ልይ። ብረቱ ላይ ያለው ቀይ ምንድን ነው?

እንዳልክ፦ ዝገት።

አልጣሽ፦ ዝገት ዙሪያውን ቀለበት ሠርቶ አይዝግም። የእድሩን ዕቃ ሁሉ እንዳይጠፋ ቀይ ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ነው የቀባሁት! የእድርን ቋሚ ነው መኪናዬ ስር የቀበርከው?

እንዳልክ፦ የውድድር መኪናዎችም እኮ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት አላቸው። ድንኳኑ ደሞ የቆመ ነገር ነው፣ ኩርባ የለበትም፤ አንድ ቢጎድለው ማን ያውቃል ብዬ ነው።

አልጣሽ፦ ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እበላ እበላ ነው። ፍታው! አሁኑኑ ፍታና እንመልስ።

እንዳልክ፦ መፍታቱስ ይፈታል። ቀጥ ብሎ ግን አይቆምም።

አልጣሽ፦ ለምን?

እንዳልክ፦ በባህር ዛፉ ጉቶ ነው ያጠፍኩት። በያጁ ደሞ ጫፍና ጫፉን ጠፍጥፎ በስቶታል። አሁን ቢያቆሙት ድንኳኑ እጁን ወገቡ ላይ ያደረገ ነው የሚመስለው።

አልጣሽ፦ የእድሩን ሕግ ታውቃለህ? ዕቃ ለግሉ ያደረገ ሰው በሕዝብ ፊት ስሙ ተጠርቶ ይነገራል። ቁልፌን ከአንገቴ ያወጡታል። አምና ባለ ባዶ ድስት፣ ዘንድሮ ባለ ባዶ መጋዘን ልባል ነው?

እንዳልክ፦ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እርሶን ማን ይነካዎታል?

አልጣሽ፦ እሱን አሁን በአፍህ ትናገራለህ። እንሄዳለን፣ ጋሽ ይመር ፊት «እኔ ነኝ የወሰድኩት» ትላለህ። ከዚያ ብረቱ በጎደለበት ጥግ አንተ ትቆማለህ። ሸራውን በሁለት እጅህ ወደ ላይ ይዘህ፣ ሙሽሮቹ እስኪነሱ ድረስ። ትርሲትም ከፊት ለፊትህ ሆና እየበላች ታይሃለች። መጋደል የለም፣ ቀጥ ብለህ።

እንዳልክ፦ እሷ እያየችኝ ብብቴን ከፍቼ ልቆም ነው?

አልጣሽ፦ ሽቶ ተቀብተህ የለ።

እንዳልክ፦ እሺ። ጥፋት ጥፋት ነው፣ እቆማለሁ። ድስቱን ሲያነሱት ግን ቀስ ይበሉ።

አልጣሽ፦ ስለ ድስቱ ምን አስጨነቀህ?

እንዳልክ፦ አይ፣ እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ መሬት ተኝቻለሁ። መሬት የተኛ ሰው ሁሉን ነገር ከስር ነው የሚያየው። ነጠላዎ የድስቱን ጎን ሸፍኖታል። ብሎኬቶቹ መሀል ግን ቂጡ ፍጥጥ ብሎ እያየኝ ነው።

አልጣሽ፦ እና?

እንዳልክ፦ ቀይ ቀለበት አለው። የናትዎ ድስት እድርተኛ ነበር እንዴ?

አልጣሽ፦ ድምፅህን ቀንስ።

እንዳልክ፦ ተበስቶ ነው የተጣለው ያሉት መሰለኝ። ተአምር ነው፤ ወጡ ጠብ አላለም።

አልጣሽ፦ ጎረቤት ይሰማል እያልኩህ ነው። ያ ብረት ላይ ያለው ቀለም በምን ይለቃል?

እንዳልክ፦ ጥቁር ግራሶ ከተቀባ አይታይም። ለድስቱም የሚሆን ተርፎኛል።

አልጣሽ፦ ና ውጣ፣ ክሪኩን አውርድ። ጋሽ ይመር ከጠየቀ ድንኳኑን ያዘመመው ነፋስ ነው።

እንዳልክ፦ ዛሬ እኮ ቅጠል እንኳን አይነቃነቅም እትዬ።

አልጣሽ፦ እስክንደርስ ይነሳል። አንተ ሞተሩን አስነሳ።