ሰርክአዲስና የጥሊሊዋ እናት ሕዋሳት

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ የተከበራችሁ የቆሰበርና የዳንግላ ሽማግሌዎች፣ ከጥሊሊ በፈረስ የመጣችሁ ወገኖች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ እርስዎ፣ እማማ ውብአየሁ። ልጅዎን እዚህ ድረስ ስለሸኙልን እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ደሞዝ እባላለሁ። ከዶክተር ሰርክአዲስ እንግዳው ጋር ዘጠኝ ዓመት አብሬ ሠርቻለሁ። ሰባቱን አዲስ አበባ፣ ሁለቱን እዚሁ እንጅባራ። ንግግር አልችልም። ግን አንድ የማውቀው ነገር አለ። እሱን ሳልናገር አፈር ስትለብስ ማየት ስላልቻልኩ ቆሜያለሁ።

ትናንት ድንኳን ውስጥ ስትጠያየቁ ሰምቻለሁ። «የካንሰር ተመራማሪ ነበረች አሉ፤ እሷንም የገደላት ካንሰር ነው?» አይደለም። ልቧ ነው። ልጅ ሳለች የያዛት የጉሮሮ ሕመም ልቧ ድረስ ወርዶ፣ ደም ከሚያልፍባቸው የልብ በሮች አንዱን አበላሽቶት ኖሯል። ይህን ካወቀች አምስት ዓመት ሆኗታል። ስለጠየቃችሁ ግን አትፈሩ። ብትሰማችሁ ደስ ይላት ነበር። ጥያቄ የምትወድ ሰው ነበረች።

ምን ያህል ትወድ ነበር?

በ2002 ዓመተ ምሕረት ለቤተ ሙከራ ረዳትነት ልትፈትነኝ ጠራችኝ። ሳምንት ሙሉ ሳጠና ሰንብቻለሁ። ማስረጃዬን ገልጣ እንኳ አላየችም።

«ጣትህን ቆርጠህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አዎ፤ በማጭድ።»

«ዳነ?»

«ዳነ።»

«ቆዳው ገጥሞ ሲያበቃ ማደጉን ለምን አቆመ? በቃህ ያለው ማን ነው?»

አሰብኩ፣ አሰብኩ። «አላውቅም» አልኩ፤ አፈርኩ።

«እኔም አላውቅም» አለች። «ሰኞ ሥራ ጀምር።»

ወገኖቼ፣ የሰርክአዲስ ሥራ ይኸው ነበር። ሰውነታችን የተሠራው ሕዋስ ከሚባሉ፣ በዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች ነው። አንዱ ሕዋስ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱ አራት ይሆናሉ። ሲበቃ ይቆማሉ። አንዳንዱ ግን አልቆምም ይላል። ካንሰር የምንለው እሱን ነው። ሌላው ሰው «እንዴት እናጥፋው?» ይላል። እሷ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ትጠይቅ ነበር። ጤነኛው እንዴት መቆም ቻለ? ማን አዘዘው? ይህኛውስ ትእዛዙን ያልሰማው ምን ሆኖ ነው?

በ2003 አንዲት የጥሊሊ እናት፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ የጡት ካንሰር ይዟቸው አዲስ አበባ ለሕክምና መጡ። ሰርክአዲስ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጣ በአገውኛ አጫወተቻቸው። ሐኪሞቹ ከሚያወጡት ዕጢ ላይ ትንሽ ለምርምር ልትወስድ ፈቃድ ጠየቀቻቸው። ፈቀዱ። በሳምንቱ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ገና ሳንቀመጥ ጀመሩ።

«ያ የወሰድሽው ነገር በሕይወት አለ?»

«አለ፣ እማማ። እየተባዛ ነው።»

«ምን ይበላል?»

«ስኳርና ጨው ያለበት ፈሳሽ እንሰጠዋለን።»

ሳቁ። ቆይተው ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ስሞትስ?»

ልትዋሻቸው ትችል ነበር። አልዋሸችም። «እሱ ሊቆይ ይችላል» አለች።

«እንግዲያማ በምን እንደተጣላኝ ጠይቂልኝ» አሏት።

ወይዘሮ ዘውድነሽ በአራተኛው ወር አረፉ። ልጃቸው ይታይሽ ያችውላችሁ፣ ከእማማ ውብአየሁ ጎን ቆማለች።

ሰርክአዲስ ሦስት ዓመት ሠራች። ሕዋስን «ቁም» የሚል አንድ ፕሮቲን አለ። በወይዘሮ ዘውድነሽ ሕዋሳት ውስጥ ይህ ፕሮቲን ጨርሶ የለም ብላ በ2006 ጻፈች። ጽሑፉ በውጭ መጽሔት ወጣ። ከየአገሩ ደብዳቤ መጣ፤ ጥሪ መጣ። እኛም ጮቤ ረገጥን።

በዓመቱ ግን አንድ ነገር አላማራትም።

«ደሞዝ፣ እነዚህ ሕዋሳት ለምን ቸኮሉ? ድሮ እንዲህ አይፈጥኑም ነበር እኮ» አለችኝ።

እኔ ምንም አልመሰለኝም። እሷ አላረፈችም፤ የማን እንደሆኑ የዘር ምርመራ ይደረግ ብላ ላከች። ውጤቱ መጣ። ሕዋሳቱ የወይዘሮ ዘውድነሽ አልነበሩም! ለሌላ ጥናት የምናሳድጋቸው ኃይለኛ ሕዋሳት ሾልከው ገብተው፣ የእሳቸውን አጥፍተው፣ ቦታውን ይዘውት ኖረዋል። ስናጠና የከረምነው ሌላ ሰው ነው።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እንዴት ገቡ? ያስገባቸው የማን እጅ ነው?

የእኔ እጅ ነው። ሳልናገረው መቀመጥ ያልቻልኩት ይህን ነው።

«ና፣ እንዴት እንደምትሠራ አሳየኝ» አለችኝ። አልጮኸችም። አሳየኋት። የማድላቸውን ፈሳሽ ለሁለቱም ከአንድ ጠርሙስ፣ በአንድ መቅጃ ነበር የምቀዳው። «ቆይ! እዚህ ጋ ነው!» አለች፤ ፊቷ በራ። መልሱን ስላገኘችው ለአፍታ ደስ አላት፤ እንዲህ ያለች ሰው ነበረች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጓንቷን አወለቀች። አለቀሰች። ዘጠኝ ዓመት ሳውቃት ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዝም ብትል ማን ያውቅ ነበር? እኔ ራሴ ዝም እንድትል ለመንኳት። ልቧ መታመሙን ካወቀች ያኔ ዓመት አልፏት ነበር። «ዕድሜሽን በዚህ አትጨርሺ» አልኳት።

«አንዲት ተማሪ ይህን ጽሑፍ አምና ሥራ ትጀምራለች» አለችኝ። «የእሷን ዕድሜ ልጨርስባት?»

ጽሑፉ እንዲሰረዝ ጻፈች። ስሜን አላነሳችም። «ቤተ ሙከራው የእኔ ነው፤ ስህተቱም የእኔ ነው» ብላ ፈረመች። ከዚያ በኋላ ይጠሯት የነበሩት መጥራታቸውን ተዉ። በስብሰባ ላይ ስሟ ሲነሳ ሰው ይሳሳቅ ጀመር። እኔ ጥግ ተቀምጬ እሰማ ነበር። አፌን አልከፈትኩም። እስከ ዛሬ አልከፈትኩም።

ከደብዳቤው በኋላ «ይህ በስልክ አይነገርም» ብላ ይዛኝ ጥሊሊ ወረደች። ይታይሽ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀበለችን።

«ይታይሽ፣ የእናትሽ ሕዋሳት ከሞቱ ቆይተዋል። እኛ ሳናውቅ ሌላውን እሳቸው ናቸው ስንል ኖርን። ይቅር በይኝ።»

ይታይሽ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እናቴን ሁለተኛ ቅበሪ በይኛ!» አለች።

«በመጀመሪያው ሳምንት የእሳቸውን ሕዋሳት በበረዶ ያቆየንባቸው ሁለት ብልቃጦች አሉ። ከእንግዲህ ግን አንቺ ሳትፈቅጂ አልነካቸውም።»

እኔ ውጡልኝ የምትል መስሎኝ ነበር።

«እናቴ ጠይቂልኝ ያለችሽን ጠየቅሽላት?»

«አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ሌላውን ነው።»

«ታዲያ ሄደሽ ጠይቂያ!»

የመጀመሪያው ብልቃጥ በረዶው ሲቀልጥ ሕዋሳቱ ሞቱ። ሁለተኛውን እሷ ራሷ ከፈተችው። በአሥረኛው ቀን ሕዋሳቱ መከፈል ጀመሩ። ተመረመሩ፤ የወይዘሮ ዘውድነሽ ናቸው። ሁለት ዓመት ሠራን። ምን አገኘች መሰላችሁ? የለም ያለችው ፕሮቲን አለ! ሞልቷል! ግን መሥራት ካለበት ከሕዋሱ አስኳል ውስጥ አይደለም፤ ውጭ ቆሟል። ቁም የሚለው አልጠፋም፤ መግባት ነው ያቃተው። ያንን በ2010 ጻፈች፤ የድሮ ስህተቷንም እዚያው መግቢያው ላይ አሰፈረች።

መድኃኒት አገኘች? አላገኘችም። በዚህ ሥራ የዳነ ሰው አለ? እስካሁን የለም። ብትኖር ይህን ቀድማ የምትነግራችሁ እሷ ነበረች። ፕሮቲኑን ውጭ ያስቀረው ምን እንደሆነም አልደረሰችበትም። ዛሬ ግን እሱን የሚፈልጉ ሰዎች የሚፈልጉት በትክክለኛው ቦታ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ሆስፒታል ተኝታ ሐኪሙን «ማዳመጫህን አውሰኝ» አለችው። የገዛ ልቧን አዳመጠች። ረጅም ጊዜ አዳመጠች። እማማ ውብአየሁ፣ እርስዎ «ተይ ልጄ፣ ዕረፊ» ብለው ተቆጧት። እሷ ግን ማዳመጫውን ጆሮዎ ላይ አደረገችልዎ። «እማዬ፣ ስሚው እስቲ። በሩ ስለማይገጥም ደሙ ሲመለስ ነው የሚያፏጨው» አለች።

ሰሙት። «ይሄን ሁሉ ዘመን እንዲህ እየደከመ ነው የኖረው?» አሉ።

«አዎ እማዬ» አለች። «ጎበዝ ነው።»

ሰርኬ፣ እህቴ። ብዙ ጠየቅሽ፤ ጥቂት አገኘሽ፤ ያላገኘሽውን አላገኘሁም ብለሽ ጻፍሽ። እኔ ያልቻልኩትን ቻልሽልኝ። አዲስ ነገር ባየሽ ቁጥር በሩን በርግደሽ እየሮጥሽ ትመጪና «ደሞዝ፣ ና እይ!» ትዪኝ ነበር። አሁን እኛ ሁላችን የማናውቀውን አንድ ነገር አንቺ አውቀሻል። መጥተሽ ሳትነግሪኝ የቀረሽው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ደህና ሁኚ፣ ሰርኬ። ደህና ሁኚ።