ልብስ ሰፊዋና የጭን ማለስለሻው ማሽን

ልብስ ሰፊዋ በየደረጃው እየቆመች፣ ጉልበቷን እያሸች፣ እንደምንም ፎቅ ላይ ደረሰች። የቆዳ ውበት መጠበቂያ ቤቱን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ የተቀበለቻት የጎረቤቷ ልጅ ሆና ተገኘች። ክው አለች። ከሰፈር ርቃ የመጣችው እኮ የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ነበር።

“እትዬ! ምን እግር ጣለዎት?” አለች ልጅቷ ወንበር እየሳበችላት።

“እግሬማ እሱ ራሱ ጥሎኝ ነው፣ ልጄ። ሐኪሙ መዋኛ ገንዳ ገብተሽ ውሃ ውስጥ ተራመጂ አለኝ። አለዚያ ተንበርክኬ የቀሚስ ጠርዝ መለካት ቀረ ማለት ነው፤ ሥራዬም አበቃ። ታዲያ ይህን ስርጉድጉድ ያለ ጭን ይዤ ሰው ፊት ልቁም? ሴሉላይት ነው አሉ የምትሉት። መጀመሪያ እሱን አለስልሱልኝ፤ ለገንዳው ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ይዤ መጥቻለሁ።”

ልጅቷ ለዚሁ ሥራ ሠልጥና የተቀጠረች ናት፤ ደንበኛ መመለስ አያስመሰግናትም። ግን የትምህርት ቤት ልብሷን በየዓመቱ እያስረዘመች ያለበሰቻትን ሴት እንዴት አድርጋ ታታልል?

“እውነቱን ልንገርዎት፣ እትዬ። ማሽኑ ይሠራል፤ ቆዳው የሚለሰልሰው ግን በመጠኑ ነው፣ ያውም ለጊዜው። ተመላልሰው ከጨረሱ በኋላም እየመጡ ማሳደስ አለ። ያቆሙ እንደሆነ ስርጉድጉዱ ቀስ እያለ ይመለሳል።”

“ኧረ ወዲያ! ይህን ሁሉ ከፍዬ?”

“የተኮሱት ቀሚስ፣ ባለቤቷ ስትቀመጥበት ምን ይሆናል?”

“ይጨማደዳላ! እንደገና ይተኮሳል።”

“ይህም እንደዚያው ነው። አቅሙ ያላት ሴት አውቃው ብታደርገው ነውር የለውም። እርስዎ የያዙት ግን የጉልበትዎን ገንዘብ ነው።”

ልብስ ሰፊዋ ተቆጣች። “አንቺ ምን አለብሽ! ሰው አይቶኝ ቢስቅስ?”

“እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህን ሁሉ ዘመን ሴቱ ሁሉ እርስዎ ፊት ልብሱን እያወለቀ ተለክቷል። ጭኗ ልስልስ ያለ ስንት አዩ?”

ልብስ ሰፊዋ በልቧ መቁጠር ጀመረች። ሙሽሮቹ፣ አስተማሪዎቹ፣ ቀጫጭኖቹ ሳይቀሩ ትዝ አሏት። በአንዳቸውም ስቃ አታውቅም። ሰው ለሌላው ገላ ርኅሩኅ ሆኖ ሳለ፣ በራሱ ገላ ላይ ሲደርስ ለምን እንደሚጨክን እንጃ።

“አንቺም እኮ ስርጉድጉዱ አለብሽ፤” አለች በመጨረሻ።

“ማሽኑ በእጄ እያለ!” አለች ልጅቷ፤ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

በዕረፍት ቀኗ ልጅቷ ወደ ገንዳው ይዛት ሄደች። ልብስ ሰፊዋ ፎጣዋን ጥብቅ አድርጋ ገንዳው ዳር ብዙ ቆመች። ኋላ “በይ ያዢልኝ” ብላ ሰጠቻትና የመውረጃውን ብረት ተደግፋ ወረደች። ዞር ብሎ ያያት አልነበረም፤ ሁሉም በየፊናው ይንቦጫረቃል።

ውሃው የጭኗን ቆዳ አላለሰለሰውም። እየተመላለሰች ስትራመድበት ጉልበቷን ግን አፍታታላት፤ በሕመሙ የጠፋው እንቅልፏም ተመለሰ፣ ደረጃውም ማስፈራቱ ቀረ። ገንዘቡን ማሽኑ ላይ አውላው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ማሳደሻ ፍለጋ ትንከራተት ነበር፤ ጉልበቷም እንደታሰረ።

ከወራት በኋላ ልጅቷ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና ጠርዙን ዙሪያውን በስፒል ያዘችው።

“ዋጋው ስንት ነው፣ እትዬ?”

“ዝም በይ! ሥራዬን የመለሰችልኝን ልጅ ዋጋ ልጠይቃት? ተባረኪ፤ ክፉ አይንካሽ።”

ልጅቷ ልታነሳት እጇን ዘረጋች። ልብስ ሰፊዋ ግን ቀድማት ብድግ ብላለች።