ከደረጃው ሥር የፈሰሰው ውሃ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ሥራችሁን ትታችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ወንበሩን ያሰናዳችሁትንም አመሰግናለሁ፤ ደግነቱ አይወዛወዝም። የእኔ ክፍል ያልጠገነው ቢሆን ነው።

ሃያ ሦስት ዓመት የኪራይ ቤቶቻችንን ጥገና መርቻለሁ። ተከራዮቹ ያወጡልኝን ስም ታውቁታላችሁ፤ «አቶ ነገ»። ጣሪያው አፈሰሰ ሲሉኝ «ነገ»፣ መብራት ጠፋ ሲሉኝ «ነገ»። ምን ላድርግ? ዕቃ ይገዛልኝ ስል ለእኔም የሚሰጠኝ መልስ እሱው ነበር። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፤ ሳልተነፍሰው አልሄድም።

ባለ አራት ፎቁን ሕንፃ የማያውቅ የለም። ዐሥራ ስድስት ቤት፣ አንድ የውሃ ቆጣሪ። ሂሳቡን ለሁሉም እኩል እናካፍላለን። አምና በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆኖ መጣና ተከራዮቹ ተንጫጩ። ጣት ሁሉ የተቀሰረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሰው ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆች በምታሳድገው ሴት ላይ ነበር።

«ውሃችንን የምትጨርሰው እሷ ናት!»

እኔ ግን ከደረጃው ሥር ያለው ወለል ሁልጊዜ እርጥብ መሆኑ አላማረኝም። የቧንቧ ሠራተኛችን ጆሮውን ወለሉ ላይ ለጥፎ አዳመጠና «አለቃ፣ እዚህ ሥር የሚሄድ ነገር አለ» አለኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ብዬ፣ ወለሉ ይቆፈር ስል ለበላዮቼ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ምን ተብሎ ተመለሰልኝ? «ወጪው ይበዛል፤ ተከራይዋ ቤቱን ትልቀቅ።»

እኔስ ምን አደረግሁ? ጡረታዬ ደርሷል፣ አሁን ከማን ጋር ልጣላ ብዬ የማስለቀቂያውን ደብዳቤ ፈረምኩ። ይቺው እጄ ናት የፈረመችው።

ደብዳቤውን ስሰጣት በር ላይ ቆማ አነበበችው። «ጋሼ፣ እኔ እንዳልሆንኩ እያወቁ?» አለችኝ። ለዚህ «ነገ» አይባልም፤ አስፈርሜያት ደረጃውን ወረድኩ።

በሳምንቱ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ቤቷ ባዶውን ከርሞ የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ቅንጣት አልቀነሰም! ያኔ ተቆፈረ። ዝገት የበላው ቧንቧ ውሃውን ወደ መሬት ሲለቀው ኖሯል። የጠገንነው በግማሽ ቀን ነው። በግማሽ ቀን!

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አይቀየሙኝ፤ የይቅርታ ደብዳቤ ይጻፍላት ብዬ ለምኜዎት ነበር። «ያለፈውን አንቆስቁስ» አሉኝ። ለእርስዎ አልፎ ይሆናል።

ባለፈው እሑድ አዲሱን ቤቷን አፈላልጌ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። እርጥብ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች «እኔማ ድሮም አውቀው ነበር፤ የማያውቁት ጎረቤቶቼ ናቸው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት፣ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት፣ ሕንፃው መግቢያ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍኩ። «ውሃውን ያባከነው የእኛ ቧንቧ ነው። ልብስ አጣቢዋ ጥፋት የለባትም። እያወቅሁ የፈረምኩት እኔ ነኝ» ይላል። ማኅተም የለውም፤ ስሜ ግን አለበት። ያኔ ከሁሉም በላይ ትጮህ የነበረችው ሴትዮ ከሱቅ ስትመለስ አነበበችው። ዕቃዋን መሬት አስቀምጣ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ዕቃዋን አንስታ ደረጃውን ወጣች።

ንዴቴ አልወጣልኝም። ደስ የሚል ስንብት ስላልሆነላችሁ ይቅር በሉኝ። በእኔ ቦታ የምትተኪው እህቴ፣ አደራ፤ ለየቤቱ ቆጣሪ እስኪገባ አትተኚላቸው። ወለሉን ሳታስቆፍሪም ሰው አታስወጪ።

እናንተም ጤና አይለያችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ ቤታችሁ ይሙቅ። በፈረማችሁበት የማታፍሩበት ዕድሜ ይስጣችሁ።