አባ ፊርማ ያልፈረሙበት ቅጽ

ሰፈሩ «አባ ፊርማ» የሚላቸው አዛውንት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከነዋሪዎች ጽሕፈት ቤት ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። ሁለት ሰዎች ቤት ሲከራዩና ሲያከራዩ በእማኝነት ፈርመው መውጣታቸው ነው። ስማቸውን ከነአባታቸው ጽፈው፣ ከሥሩ ያቺን እንደ ሐረግ የምትጠመዘዝ ፊርማቸውን ሲያኖሩ ሁለቱም ወገኖች ጎንበስ ብለው አመስግነዋቸዋል። ውሉ ምን ይላል ተብለው ቢጠየቁ ግን አያውቁም። እንዳያውቁም ተጠንቅቀው ነው የፈረሙት።

ነገሩ እንግዳ ቢመስልም ምክንያት አላቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም የሰው ፖስታ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አይተው አያውቁም። ፖስት ካርድ እንኳ፣ ጽሑፉ አፍጥጦ እያያቸው፣ በሥዕሉ በኩል ገልብጠው ነበር የሚያድሉት። ጡረታ ሲወጡም ይህን ጨዋነት ይዘውት ወጡ። ጋዜጣውን ከርዕሱ እስከ ጨረታ ማስታወቂያው አንድ ፊደል ሳያስቀሩ ያነባሉ፤ የሚፈርሙበትን ወረቀት ግን አያነቡም። ሰው አምኖ የዘረጋላቸውን ወረቀት ማንበብ እሳቸው ዘንድ የሰው ኪስ ከመፈተሽ አይለይም። ሰፈሩ በዚህ ይወዳቸዋል። መወደዱስ ይገባቸው ነበር፤ የሚወደዱበት ምክንያት ግን ትክክል አልነበረም፤ ይህንንም ያ ቅዳሜ ራሱ ያሳየናል።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለችው መናፈሻ ሲደርሱ ከምራታቸው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ምራታቸው ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። አንድ ወረቀት በላስቲክ ሸፍና ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛለች።

«እንዴት አረፈዱ አባባ? እርስዎ ቤት ልመጣ ነበር አውቶቡስ የምጠብቀው።»

«እንኳን አልለፋሽ። ልጆቹ ደኅና ናቸው? ልጄስ?»

«ሁሉም ደኅና ነው። ልጅዎ ዛሬም ጋራዥ ነው። እኔ አንድ ነገር ልለምንዎት ፈልጌ ነው።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ምራታቸው ትንፋሿን ሰብስባ ነገሩን ጀመረች።

«መንግሥት ያቋቋመው የሕግ ትምህርት ቤት ለሠራተኞች የማታ ክፍል ከፍቷል። ቅጹ የተሟላለት ሁሉ ሰኞ ማታ ትምህርት ይጀምራል። ዛሬ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ማስገባት አለብኝ። የቀረኝ በሰፈር የታወቀ ሰው ስለ ጠባዬ መስክሮ የሚፈርምባት ቦታ ብቻ ናት።»

«የትኛው ትምህርት ቤት? ባለ ትልቁ በር?»

«እሱ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ለዚያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ አድርሻለሁ። በሩ አጠገብ አንዲት መስኮት አለች። ዘበኛው እጁን ብቻ አውጥቶ ይቀበለኝ ነበር። ከመስኮቷ አልፌ አላውቅም። የሚገቡትን ግን አይቻለሁ፤ የዳኛ ልጅ፣ የጠበቃ ልጅ፣ የባለሥልጣን ልጅ። ያ ቤት ለእኛ አልተሠራም።»

«በእኛ ግብር እኮ ነው የተሠራው አባባ።»

«መንገዱም በእኛ ግብር ነው የተሠራው። መኪናውን ግን ሌላ ሰው ነው የሚነዳው።»

ምራታቸው ሳቀች። እሳቸውም በቀልዳቸው ትንሽ ኮራ አሉ።

«ይህንኑ እኮ ነው የተረዱት» አለች። «አዲሷ ኃላፊ ገና እንደ መጡ ‹ከተማሪዎቻችን መካከል ቀን ነርስ፣ ማታ ተማሪ የሆነ አለ? ትኬት ቆራጭ አለ? ልብስ ሰፊ አለ?› ብለው ጠየቁ አሉ። አንድም አልነበረም። ስለዚህ ቀን ለሚሠራ ማታ እንዲያስተምሩት፣ የድሮ ውጤቱ ዝቅ ላለው ደግሞ የሥራ ልምዱ እንዲቆጠርለት አደረጉ።»

«ይሁን። ግን ሕግ ሰውን ነገረኛ ያደርጋል። ነገ ባልሽ ‹ምግቡ ጨው በዛበት› ሲልሽ ‹በየትኛው አንቀጽ?› ብትዪው፣ ያ ትዳር ነው ወይስ ችሎት?»

«አሁንም መልስ አላጣም አባባ። አንቀጽ ሳልጠቅስ ነው የምረታው።»

አባ ፊርማ ይህን ሊያስተባብሉ አልቻሉም። ልጃቸው ሲረታ በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ዋናውን ቅሬታቸውን አወጡ።

«እሺ፣ ይህስ? ሐሙስ ሐሙስ ተማሪዎቹ የሰፈራችን አዳራሽ ውስጥ ወንበር ዘርግተው የሰው ወረቀት ያነባሉ አሉ። ስሰማ ዘገነነኝ።»

«ባለቤቱ ጠይቋቸው ነው። በነፃ ነው የሚያስረዱት።»

«ቢጠይቅም። ወረቀት የሰው ገመና ነው። ገመና ደግሞ አዳራሽ አይወጣም።»

ምራታቸው ወረቀቱን ከደረቷ አውርዳ ጭኗ ላይ አኖረች። የላስቲኩን ጠርዝ በጣቷ ስታሻሽ ቆይታ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እኔም እንደ እርስዎ ነበርኩ። የሰው ወረቀት ማሽኑ ላይ ሳስቀምጥ ፊቱን ወደ ታች ስለማዞረው ደስ ይለኝ ነበር፤ አላየሁም ማለት ነው። አምና ከፋብሪካ የተሰናበተች አንዲት ሴት የስንብት ደብዳቤዋን ይዛ መጣች። ሦስት ቅጂ አነሣሁላት። ‹አቤት ልል ነው፤ ልጄ ሆስፒታል ተኝቶብኝ፣ እስኪሻለው እየጠበቅኩ ነው› አለችኝ። ‹ይማርልሽ› አልኳት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እያለቀሰች ተመለሰች። ደብዳቤው ላይ፣ ከማኅተሙ በታች፣ ‹ቅሬታ ያለው በአሥር ቀን ውስጥ ያቅርብ› ይል ነበር ለካ። እሷ ማንበብ አትችልም። እኔ ግን እችላለሁ አባባ። ሦስት ጊዜ በእጄ አልፏል። ጨዋ ነኝ ብዬ ሳላየው ቀረሁ፤ ጨዋነቴ እንጀራዋን ሊያሳጣት ነበር።»

አባ ፊርማ ወደ መሬት አዩ። «በኋላስ ምን ሆነች?»

«ሐሙስ አዳራሹ ወሰድኳት። ተማሪዎቹ ከመምህራቸው ጋር ሆነው የልጇን የሐኪም ወረቀት አያይዘው ጊዜው እንዲራዘምላት ጻፉላት። ተፈቀደላት። ዛሬ ሥራዋ ላይ ናት። እኔም ይህን ትምህርት የተመኘሁት የዚያን ዕለት ነው።»

አዛውንቱ ልባቸው ተነክቷል። ሐሳባቸው ግን ገና ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የሠላሳ አራት ዓመት ልማድ በአንድ ወግ አይነቀልም።

«ደግ ሰዎች ናቸው» አሉ። «እኔ አሁንም የሚሆን አይመስለኝም። ቢሆንም አንቺ ለምነሽኝ አልፈርምም አልልም። አምጪው።» ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው መዘዙ።

ምራታቸው ወረቀቱን በመዳፏ ሸፈነችው። «መጀመሪያ ያንብቡት።»

«ማንን? አንቺን? ሰው የገዛ ልጁን አላመንኩሽም ይላል?»

«አምነውኛል። ቅጹን ግን ያንብቡት።»

«አንብቤ ሐሳቤን ብቀይርስ? እንዲያው ፊርማዬን ተቀብለሽ አትሮጪም?»

«ይቀይሩ። ሳያነቡ የፈረሙልኝን ግን አልወስድም። ሕግ ልማር ወጥቼ የመጀመሪያ ወረቀቴን በጭፍን ካስፈረምኩ ምኑን ተማርኩት?»

አውቶቡሱ መጣ፤ ሄደ። አባ ፊርማ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜያቸው አልገጠማቸውም። ሰው ሁሉ «እዚህች ጋ» ብሎ በጣቱ ያሳያቸዋል እንጂ ፊርማቸውን እምቢ ያላቸው የለም። ተቆጡ፣ ከዚያ ቁጣቸው ወዴት እንደሚሄድ ጠፋባቸው፣ በመጨረሻም መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር።

ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ሥራዋን አነበቡ። ‹ሕግ ለምን መማር ይፈልጋሉ?› ከሚለው ሥር «የማባዛውን ወረቀት ለባለቤቱ ማስረዳት እንድችል» የሚል ሲያገኙ ደግመው አነበቡት። ይህች ልጅ ስምንት ዓመት ቤታቸው ስትገባ ስትወጣ፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንዳላት አያውቁም ነበር። ከዚያ ምስክሩ የሚፈርምበትን የጠባይ ቃል አንብበው ቅጹን ገለበጡት።

«ጀርባው መመሪያ ነው አባባ፤ እሱ የተለመደው ነው።»

«አንብብ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አሉና ቀጠሉ። «ተራ ቁጥር አራት። የምስክርነት ቃል የሚሰጠው ሰው አመልካቹን ቢያንስ ሦስት ዓመት የሚያውቅና ከአመልካቹ ጋር የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዝምድና የሌለው ይሆናል። ይህን ሳያሟላ የቀረበ ቅጽ ተቀባይነት የለውም።»

ምራታቸው ወረቀቱን ወሰደች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች።

«ፊት ለፊቱን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለች። «አሥር ጊዜ።»

መጀመሪያ የአባ ፊርማ ትከሻ ተነቃነቀ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እኔን ስትመክሪኝ ረፍዶብሽ የራስሽን ጀርባ ሳታይ ቀረሽ» አሏት። እሷም እንባዋ እየመጣ ከእሳቸው ጋር ሳቀች።

ሳቁ ሲበርድ ግን አዛውንቱ በእጃቸው ያለውን ብዕር አዩት። ጥቂት ቀደም ብሎ ሊፈርሙ ነበር። በፍቅር፣ በሙሉ ልብ ፈርመው የልጃቸውን ሚስት ዕድል በገዛ እጃቸው ሊዘጉት ነበር። ጠዋት የፈረሙበት ውልም ትዝ አላቸው፤ ከሱ በፊት የፈረሙባቸውም ተግተልትለው መጡ። ደነገጡ። ብዕሩን ከደኑና ወደ ኪሳቸው መለሱት።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አምስት ተኩል።»

«ዘመድሽ ያልሆነ፣ የሚያውቅሽ ሰው ማን አለ?»

«ከሱቃችን ጎን ያለው ቁልፍ ቀራጭ። አምስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ግን አባባ፣ እሱ ሐሙስ ሐሙስ ከአዳራሹ አይቀርም። ካላነበበ አይፈርምም።»

«ተነሺ» አሉ አባ ፊርማ፤ እሷን ቀድመው ተራመዱ።

ቁልፍ ቀራጩ ጠባብ ሱቁ ውስጥ ሞረድ ይዞ ነበር። ነገሩን ሲሰማ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ወረቀቱ እንዳይቆሽሽ ንጹሕ ካርቶን ዘረጋ፣ ከዚያም እያንዳንዷን ቃል በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። አቤት አነባበቡ። አንዷን መስመር ሲጨርስ ተመልሶ ያረጋግጣታል። አባ ፊርማ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያሉ፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ። «እዚህች ጋ ብቻ ናት» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ ምላሳቸውን ነከሱ።

«‹ታማኝ› ይላል» አለ ቁልፍ ቀራጩ። «ልክ ነው። ሱቄን ትቼላት ምሳ እበላለሁ። ‹ትዕግሥተኛ› ይላል ደግሞ። እዚህ ላይ እንኳ እንጃ። ማሽኑ ወረቀት ሲውጥባት የምትለውን ሰምቻለሁ።»

«ማሽን ነው እኮ» አለች ምራታቸው በጭንቀት።

«ቅጹ ‹በሰዎች ዘንድ ትዕግሥተኛ› ነው የሚለው» አሉ አባ ፊርማ። «ሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ። ስለ ማሽን የሚል ነገር የለም።»

ቁልፍ ቀራጩ መስመሩን ፈልጎ አገኘውና ቀና ብሎ አያቸው። «እውነትዎን ነው አባት። በሰዎች ዘንድ ይላል» ብሎ ፈረመ።

አባ ፊርማ ከዚህ ሁሉ በኋላ ታክሲ ውስጥ ሲገቡ ለምን ደስ እንዳላቸው ገባቸው። አንዲት የተነበበች መስመር ሰውን ስታድን ማየት ደስ ይላል።

ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዘበኛው ወደ ቢሮው አቅጣጫ እያመለከተ «ግቡ፣ ግቡ፣ አሥር ደቂቃ አላችሁ» አላቸው። አዛውንቱ መስኮቷን አልፈው ገቡ። ውስጡ እንዳሰቡት አልነበረም፤ ኮሪደሩ ላይ የሥራ ልብሳቸውን የለበሱ ሰዎች ወረቀት ይዘው ተሰልፈዋል፣ አንዷም ሕፃን አዝላለች።

መዝጋቢዋ ቅጹን ተቀብላ ወዲያው ገለበጠችው። «ፈራሚው ዘመድ ነው?»

«አይደለም» አለች ምራታቸው።

«እርስዎስ አባት?»

«እኔ አማቷ ነኝ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ፈራሚው ግን እኔ አይደለሁም። አንብቤ ነው የተውኩት።»

በፈረሙባቸው ወረቀቶች ሁሉ እንደዚህ ኮርተው አያውቁም።

መዝጋቢዋ ማኅተሙን መታችና ፈገግ አለች። «ሁሉም እንደ እርስዎ ቢሆን። ዛሬ ብቻ አሥራ አንድ ቅጽ በዚህች መስመር መልሻለሁ። ለሁሉም አጎታቸው ነው የፈረመላቸው።»

«ታዲያ መስመሯን ከፊት ብታደርጓት ምን ይላችኋል? እኔ ደብዳቤ አዳይ ነበርኩ። ፖስታ ላይ አድራሻ ከጀርባ አይጻፍም።»

ከወዲያ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ያዳምጡ የነበሩት ሴት ቀረቡ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ቅጹን አገላብጠው አዩና ለመዝጋቢዋ «አሥራ አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳተ የተሳሳትነው እኛ ነን። ደውሉላቸው፤ እስከ ሰኞ እኩለ ቀን አስተካክለው ያምጡ» አሉ። ከዚያ ወደ አዛውንቱ ዞሩ። «ሐሙስ አዳራሹ ይምጡልን። ለሕዝብ የምናወጣውን ወረቀት ከማውጣታችን በፊት የሚያነብልን ሰው ያስፈልገናል።»

አባ ፊርማ «እሺ» ለማለት አንዲት ቃል አላባከኑም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ደረጃውን ሲወርዱ ምራታቸው «አሁንስ የሚሆን ይመስልዎታል?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ የሰውን ወረቀት ያከበርኩ መስሎኝ ሰውየውን ትቼው ኖሬያለሁ። የታሸገ ፖስታ አይነበብም፤ እሱ ልክ ነው። እኔ የምፈርምበት ግን የእኔም ቃል ነው። ሰኞ ጠዋት የዛሬዎቹን ተከራይና አከራይ ጠርቼ ውሉን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ይህ ቤትም ቢሆን በሩን በከፈተ በዓመቱ ምን ያገኝ መሰለሽ? ቀን ከሰው ጋር የዋለ ሰው ማታ እዚህ ሲቀመጥ፣ መምህሩ ራሱ የማያውቀውን ይሰማል። እንደዚያች ሴት ያለችው በጊዜዋ አቤት ትላለች። አጎቶች መፈረም የሌለባቸውን ያውቃሉ። ሰውም ሕግን የሚያገኘው ሲጣላ ብቻ መሆኑ ይቀራል።»

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው የክርክር ድምፅ አልነበረም። ሰው አንድ ነገር ከገባው በኋላ የሚናገርበት ድምፅ ነበር፤ ምራታቸውም ለይታ አወቀችው።

«ልጆቹስ አባባ? ማታ ማታ ማን ያያቸዋል ብዬ ሳስብ ነው ሌሊቱን የማልተኛው።»

«ሰኞ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እኔ ጋ ናቸው። ራታቸውንም አበላለሁ፤ የቤት ሥራቸውንም አያለሁ። አንቺ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጪ፤ ከኋላ ሆነሽ ሰው እንዳይጋርድሽ።»

ምራታቸው መንገደኛው እያያት አቅፋ ሳመቻቸው። አባ ፊርማ «ተይ፣ ሰው አለ» አሉ፤ እጃቸው ግን ከትከሻዋ ላይ አልተነሣም።