ሐኪም የሌለበት «ክሊኒክ»

አቶ አዱኛ በምሥራቅ ላስ ቬጋስ የምትገኝ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከምእመናኑ አንዷን፣ የሆቴል ክፍል የምታጸዳውን ሀሌታን፣ ሊጠይቁ ሆስፒታል ሲገቡ በሩ ላይ ከቤተል ጋር ተገጣጠሙ። ቤተል የወዳጃቸው ልጅ፣ የዚያው ሆስፒታል ነርስ ናት። የሥራ ፈረቃዋን ጨርሳ፣ የፊርማ ወረቀት ይዛ ትወጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ይፈርሙልኛል? የእርግዝና ምክር የሚሰጡ ማዕከላት በማስታወቂያ ሰው እንዳያሳስቱ ደንብ እንዲወጣ ነው።»

የአቶ አዱኛ ፊት ጠቆረ። «ልጄ፣ እኔ ራሴ ከእነዚህ ማዕከላት በአንዱ አገለግላለሁ። ይሄ በእምነታችን መምጣት ነው።»

«እምነታችሁን ማንም አይነካም። ምከሩ፣ ጸልዩ፣ ዳይፐርም ስጡ። ደንቡ የሚለው፣ ሐኪም ከሌላችሁ ያላችሁ አታስመስሉ ነው።»

«ቢመጡስ ምን ይጎዳሉ? ደግ ቃል ሰምተው ይሄዳሉ።»

ቤተል ማንን ሊጠይቁ እንደመጡ ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። «የታማሚ ምስጢር እኔ አላወጣም። ሀሌታን ይጠይቋት» አለቻቸው።

ሀሌታ ከንፈሯ ደርቆ ተኝታለች። «አርግዤ ሳለሁ ጎኔን ሲወጋኝ» አለች፣ «ቤተ ክርስቲያን የተለጠፈውን ወረቀት አይቼ ሄድኩ። ነፃ ክሊኒክ ይላል። ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት በአልትራሳውንድ አየችኝና ደህና ነሽ አለችኝ። ሐኪም መስላኝ ሥራ ገባሁ። በአምስተኛው ቀን ፎጣ እያጠፍኩ ወደቅሁ። ፅንሱ ከማኅፀን ውጭ ነበር፤ የማኅፀን ቱቦዬ ፈንድቶ ደሜ አለቀ። ጋሼ፣ እኔ እኮ ልጁን ፈልጌው ነበር።»

ወረቀቱ አቶ አዱኛ የሚያገለግሉበት ማዕከል ማስታወቂያ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለሱትም እሳቸው ናቸው። የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ «ክሊኒክ ቢሉት ብዙ ሴት ይመጣል» ሲሏቸው፣ ለበጎ ነው ብለው ጻፉት።

«ያን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። ሀሌታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኮሪደሩ ላይ ስትጠብቃቸው ለቆየችው ቤተል ፈረሙላት። ፊርማ ብቻውን ግን አላሳረፋቸውም። ማስታወቂያውን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቀደዱት፤ ደንቡ በምክር ቤት ለውይይት በቀረበ ዕለትም ቆመው ጥፋታቸውን በሰው ፊት ተናገሩ።

ሥራ አስኪያጁ፣ «ሐኪም የለንም ብለን ከጻፍን ማን ይመጣል?» ብለው ተቃወሙ።

«ጥቂት ይምጡ» አሉ አቶ አዱኛ። «የምትመጣው ወዴት እንደመጣች ታውቅ። በጎ ሥራችን በሐሰት ስም ሰው የሚጠራ ከሆነ፣ የመጣችው ሴት ብትሞት ደሟ በእኛ ላይ ነው።»

ደንቡ ጸደቀ። ዛሬ ማዕከሉ በር ላይ በአማርኛም ጭምር «ይህ ሕክምና ቤት አይደለም፤ ሕመም ከተሰማሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» የሚል ተጽፏል። ምክር የፈለገች ትገባለች፤ ያመማት ጊዜዋን ሳታባክን ወደ ሐኪም ትሄዳለች። አቶ አዱኛም ማገልገላቸውን አልተዉም፤ የምትገባውን ሴት ሁሉ ግን አስቀድመው፣ «ልጄ፣ የሚያምሽ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቃሉ።