የእንግዳ ወንበር

ደብረ ማርቆስ፣ ማለዳ፤ እድርተኛው ለልብስ ሰፊው ለጋሽ ደባልቄ ለቅሶ ደጅ ላይ ድንኳን ሊተክል ሲሰበሰብ፣ እማማ ስንዱ በር ላይ ቆመው ተከራያቸውን፣ ከደቡብ ሱዳን መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚማረውን ማጆክን፣ አላሳልፍ ብለውታል።

ማጆክ፦ በሩን ይልቀቁልኝ፣ እማማ።

እማማ ስንዱ፦ አልለቅም። ሻይህን ጠጣ። ረፈድ ሲል እኔው ራሴ ይዤህ እሄዳለሁ፤ ከቄሶቹ አጠገብ ወንበር ይሰጡሃል።

ማጆክ፦ ወንበር አልፈልግም!

እማማ ስንዱ፦ ምን አደረገህ ወንበሩ?

ማጆክ፦ ከመጣሁ ጀምሮ ወንበር ላይ ነኝ። ሰርግ ስንሄድ ወንበር። ክርስትና ስንሄድ ወንበር፣ ከነለስላሳው። ውሃ የጠፋ ጊዜ ጀሪካን ባነሣ፣ ሰፈሩ በሙሉ "ተው፣ ተው፣ እንግዳ ነው" ብሎ ከእጄ ቀማኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ የሚሆን ሰው የት አይተዋል?

እማማ ስንዱ፦ ክብር አይደል እንዴ? ሌላው ቢያገኘው...

ማጆክ፦ ለሌላው ይስጡት።

እማማ ስንዱ፦ ኧረ ምላስ! ይሄን ሁሉ አማርኛ ማን አስተማረህ?

ማጆክ፦ ጋሽ ደባልቄ። ሱሪዬን ሲያስረዝሙልኝ።

እማማ ስንዱ፦ ነፍሱን ይማረው። ያ ከታች ቡናማ የተቀጠለበት ግራጫ ሱሪ?

ማጆክ፦ እሱ። ገና ስገባ ከስፌት መኪናቸው ቀና እንኳ ሳይሉ "ና፣ ይሄን ጨርቅ ወጥረህ ያዝልኝ" አሉኝ። በዚህ አገር ሥራ ያዘዙኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

እማማ ስንዱ፦ እሱማ መቼ ሰው ያስቀምጥና!

ማጆክ፦ እና ዛሬ የእሳቸውን ድንኳን ሌላው ሲተክል ተቀምጬ ልይ? እኛ ዘንድ ጎረቤት ሞቶ ጎረምሳ ከተቀመጠ፣ ወይ ታሟል ወይ ከሟቹ ጋር ተጣልቷል ይባላል። እኔ አልታመምኩም። ከጋሽ ደባልቄም አልተጣላሁም።

እማማ ስንዱ፦ እንግዲህ ልናገረው። ባለፈው ገበያ ላይ ያ ባለጌ ምን ብሎ እንደሰደበህ ሰምቻለሁ። አልነገርከኝም፣ ግን ሰምቻለሁ። እድርተኛው ሁሉ እንደ እኔ አይደለም። "ይሄ ደግሞ ምን አገባው?" የሚል አይጠፋም። በሰው ፊት ሲያዋርዱህ ማየት አልችልም።

ማጆክ፦ ይስደቡኝ። ሰድበው ሲደክማቸው ምሰሶውን ያቀብሉኛል።

እማማ ስንዱ፦ ምሰሶው ከባድ ነው።

ማጆክ፦ እነሱ በርጩማ ላይ ወጥተው የሚያስሩትን ገመድ እኔ መሬት ቆሜ አስረዋለሁ። እርስዎም ቢሆኑ፣ የሳሎኑ አምፖል ተቃጥሎ በሻማ ሲያመሹ፣ ይሄን ቁመት እያዩ ለምን አላዘዙኝም?

እማማ ስንዱ፦ አደራ ነሃ! የሰው ልጅ ነህ። እኔም ልጄን ለሰው አገር ሰጥቻለሁ። ይበልጣልን ፖላንድ የላክሁት ጊዜ በሆዴ ያልኩት ምን መሰለህ? እኔ የሰው ልጅ ሳላደክም ባኖር፣ እዚያም የእኔን ልጅ "አረፍ በል" የሚለው አይጠፋም አልኩ።

ማጆክ፦ ይበልጣልስ ባለፈው በስልክ ምን አለዎት?

እማማ ስንዱ፦ ትሰማለህ እንዴ?

ማጆክ፦ እርስዎ ስልኩን ያስጮኹታል፤ ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው።

እማማ ስንዱ፦ የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር አይደለም?

ማጆክ፦ ነውር ነው። ግን ሰማሁ። ፊት ለፊቱ የሚኖሩት ሽማግሌ ሞቱ አለዎት፤ ደረጃው ላይ ሲያገኙት ፈገግ የሚሉለት። መሞታቸውን ያወቀው በራቸው ላይ የሌላ ሰው ስም ተለጥፎ ሲያይ ነው። "ማንም ና አላለኝም፣ እማ" ሲልዎት ምን አደረጉ?

እማማ ስንዱ፦ ተወኝ።

ማጆክ፦ አለቀሱ። ወንበር ስላጣ ነው? ወንበርማ ክፍሉን ሞልቶታል።

እማማ ስንዱ፦ አንተ ልጅ፣ አንጀቴን አትብላው።

ማጆክ፦ ደግሞ እሱን "ገልቱ፣ ኮትህን ደርብ! ገልቱ፣ ምሳ በላህ?" ይሉታል። እኔን "የኔ ጌታ"። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ስንቴ ቀንቻለሁ!

እማማ ስንዱ፦ በስድብም ይቀናል?

ማጆክ፦ ይቀናል። ይስሙ፣ ካስማ መምታት ጀምረዋል። ቢያሳልፉኝም ባያሳልፉኝም እሄዳለሁ። በመስኮት እወጣለሁ።

እማማ ስንዱ፦ በዚያች መስኮት? ግማሽህ እዚህ ይቀራል።

ማጆክ፦ ግማሼም ቢሆን ይሄዳል።

እማማ ስንዱ፦ በዚህ ሸሚዝ?

ማጆክ፦ ሸሚዜ ምን ሆነ?

እማማ ስንዱ፦ ገልቱ! በነጭ ሸሚዝ ድንኳን ይተከላል? የይበልጣል ካፖርት እዚያ ተሰቅሏል፣ እሱን ደርብ። እጅጌው ቢያጥርህ እንግዲህ ቻለው፤ የሚያስረዝምልህ ሰውዬ የለም። ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሩጥ፣ ሰዉ ምሰሶ ይዞ ቆሟል!