በሽታው የስኳር ነው እንጂ የማር አይደለም

ሻይ ያለ ስኳርም ይጣፍጣል እያልኩ አሶሳን ወር ሙሉ የሰበክሁ ሰው ነኝ። ሐኪም ስኳር በሽታ አለብህ ሲለኝ፣ ጠዋት ጠዋት ሻይ ለሚሸጡልኝ ለእማማ ዘሃራ «ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ ስኳር እንዳይጨምሩ» አልኳቸው። «እሺ፣ ኡስታዝ» አሉኝ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ እንዲያ ነው የሚጠሩኝ። ሻዩ ግን እንደ ድሮው ይጣፍጠኛል። ምላሴ ለምዶ ነው ብዬ ኮራሁ። በወሩ ጤና ጣቢያ ሄጄ ስለካ ስኳሬ ጭራሽ ብሶበታል! ነርሷ እንደ ውሸታም አየችኝ፤ እኔም ተናድጄ በቀጥታ እማማ ጋ ሄድኩ።

«እማማ፣ ስኳር ይጨምሩብኛል አይደል?»

«ወላሂ አንድ ፍሬ አልነካሁም!» አሉና ከጀርባቸው ጣሳ አወጡ። የጫካ ማር ነው። «የአንተ በሽታ የስኳር ነው እንጂ የማር አይደለም። ማር መድኃኒት ነው።»

ማርም ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር እንደሆነ ሳስረዳቸው ጣሳውን ቀስ አድርገው ከደኑት።

«ለደንበኛ ሁሉ ነው የሚሰጡት?» አልኳቸው።

«አይ፣ ይሄ የራሴ ነው። እኔም ስኳር አለብኝ። ኪኒኑን ትቼ ይሄን ነው የምጠጣው።»

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ለካ ከራሳቸው መድኃኒት ነው ሲያካፍሉኝ የከረሙት። በማግስቱ አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ለክታቸው ደነገጠች፤ ኪኒኑንም እንደገና አስጀመረቻቸው። እማማ ተነስተው ሊወጡ ሲሉ ከነጠላቸው ስር ያንን ጣሳ አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩላት።

«እንኪ ልጄ፣ አንቺ ጠጪው» አሏት። «አንቺ እስካሁን ጤነኛ ነሽ።»